ቲኩን ከማሳደዳችሁ በፊት ደብተሩን ግለጡት

ሰሞኑን ስለ ልጆች ቲክ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በድሬዳዋና በሐረር ወላጆች ስልክ ላይ ሲዘዋወር ከርሟል። ዓይኑን ስለሚያርገበግብ፣ ትከሻውን ስለሚነቀንቅ፣ ጉሮሮውን ሳያቋርጥ ስለሚጠርግ ልጅ የሚያወራ ነው። ጉዳዩ መነሳቱ ደግ ነገር ነው። ስለዚህ ሕመም በአማርኛ የሚነበብ ነገር ጥቂት ነው፤ የተጨነቀች እናት ደግሞ ያገኘችውን ታነባለች። መልስ ለመስጠት የተነሳነውም ለዚሁ ነው፦ ያገኘችው ነገር ልጇን የሚጎዳ እንዳይሆን።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህንን ነው። ቲክ ከስልክና ከካርቱን የመጣ ዓመል ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ ሊይዘው ከቻለ ቤትም ይችላል፤ ስለዚህ ባያችሁ ቁጥር ተቆጡት። የማይሳደብ ልጅ ቱሬት የሚባለው ከዓመት በላይ የሚቆይ የቲክ ሕመም የለበትም። የትኩረት ኪኒን ጫትን በኪኒን መልክ መስጠት ስለሆነና ቲክን ስለሚያባብስ ይቁም። መታጠብና ጸሎት መደጋገም የጨዋ ልጅ ምልክት ነው። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ሁሉም ይለቀዋል፤ እስከዚያ ካስቸገረ ግማሽ ኪኒን ሃሎፔሪዶል ይበቃል።

አንድ በአንድ እንመለስባቸዋለን። ከሁሉ የከፋው ግድፈት ግን ከነዚህ አንዱ ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ቲኩን ብቻ ማየቱ ነው። ቱሬት ካለባቸው 100 ልጆች ወደ 85 የሚሆኑት ሌላም ችግር አብሯቸው አለ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የትኩረት ማነስና ያለመረጋጋት ችግር፣ ኤዲኤችዲ የሚባለው አለባቸው። ከሲሶ እስከ ግማሽ በሚደርሱት ላይ ደግሞ ልጁን የሚያስጨንቅ የተደጋጋሚ ሐሳብና ድርጊት ችግር፣ ማለትም ኦሲዲ ይታያል። ልጁን ከክፍል የሚያስቀረው፣ እንቅልፍ የሚነሳው፣ ቤቱን የሚያምሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ መርገብገቡ ሳይሆን ይኼ አብሮ የመጣው ነው። ቲክ ዓይን ይስባል፤ ጓደኛው ግን ተደብቆ ይሠራል።

«ዓመል ነው» ስለመባሉ

ቲክ ሳይታሰብ፣ በድንገትና በፍጥነት የሚደጋገም እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ ነው። ፈረንሳዊው የነርቭ ሐኪም ጊልስ ደ ላ ቱሬት በ1885 (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዘጠኝ ሕሙማንን መዝግቦ ሲገልጸው ስልክም ካርቱንም አልነበረም። ምንጩ እንቅስቃሴን የሚመርጡና የሚያግዱ የአንጎል ውስጠኛ ክፍሎች ከላይኛው የአንጎል ክፍል ጋር የሚነጋገሩበት መስመር ነው፤ በዘርም ይተላለፋል። አባቱን ወይም አጎቱን «በልጅነትህ ዓይንህን ታርገበግብ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ቤት ውስጥ መልሱ አዎ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከ10 እስከ 12 ዓመት ይበረታል፤ ከዚያ ወዲህ ይቀንሳል። በወንዶች ላይ ከሴቶች ይልቅ 3 ወይም 4 እጥፍ ይበዛል። ከጀመረው ዓመት ያልሞላው ቲክ ጊዜያዊ ይባላል፤ ብዙ ልጆች በሆነ ወቅት ይይዛቸውና ይለቃቸዋል። ቱሬት የሚባለው ከ18 ዓመት በፊት ጀምሮ ከዓመት በላይ የቆየ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ የእንቅስቃሴ ቲክ እና ቢያንስ አንድ የድምፅ ቲክ የታየበት ነው። ሁለቱ የግድ በአንድ ሰሞን መታየት አያስፈልጋቸውም። የሚታወቀውም ልጁን በማየትና ታሪኩን በመጠየቅ ነው፤ ቲክን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም ሆነ የአንጎል ፎቶ የለም።

ስልክን በተመለከተ ጸሐፊው ሰምተውት ሊሆን የሚችል አንድ እውነት አለ። ከ2020 ወዲህ በብዙ አገር፣ በተለይ በአፍላ ዕድሜ ባሉ ልጃገረዶች ላይ፣ በድንገት በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚፈነዳ፣ ውስብስብ የክንድ እንቅስቃሴና ረጃጅም ቃላት ያሉበት ቲክ መሰል ችግር ታይቷል፤ የቲክ ቪዲዮ መመልከትም ከጭንቀት ጋር ተደምሮ ድርሻ ነበረው። እሱ ሕክምናውም የተለየ ነው። በ5 ዓመቱ ዓይኑን ማርገብገብ የጀመረ ወንድ ልጅ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ካርቱን ሲያይ ቲኩ ቢበዛ ስለተደሰተና ስለተመሰጠ ነው፤ ኳስ ሲያይም ይበዛል።

ቡዳ ነው፣ ድንጋጤ ነው የሚሉ ቤተሰቦች እንዳሉ ይታወቃል። ጠበል የሚያስጠምቅም ሩቅያ (ለፈውስ የሚቀራ ቁርኣን) የሚያስቀራም ወላጅ እምነቱን መተው አይጠበቅበትም። የምንለምነው ሁለት ነገር ነው፦ የተጀመረ መድኃኒት በራስ ውሳኔ እንዳይቋረጥ፣ ልጁም በጭስ እንዳይታፈን፣ እንዳይገረፍ።

«ክፍል ውስጥ ከያዘው ቤትም ይይዘዋል»

ጸሐፊው የታዘቡት ልክ ነው፤ ድምዳሜያቸው ነው የተሳሳተው። ብዙ ልጅ ቲኩን ለደቂቃዎች፣ አንዳንዱም ለአንድ ክፍለ ጊዜ አፍኖ ሊይዝ ይችላል። ትልልቆቹን ብትጠይቋቸው ከቲኩ ቀድሞ የሚመጣ ስሜት እንዳለ ይነግሯችኋል፤ አንገት ላይ ውጥረት፣ ዓይን ላይ መቆርቆር፣ ጉሮሮ ላይ ማሳከክ። ማስነጠስ ሲመጣ እንዳለው ነው፤ ለጊዜው ይታፈናል፣ እስኪወጣ ግን ዕረፍት አይሰጥም። ያንን ሲያፍን የዋለ ልጅ አስተማሪው የተናገረው ግማሹ አምልጦታል። ቤት ሲገባ ደክሞታል፣ የሚያፍረውም ሰው የለም፤ ስለዚህ ይለቀዋል። እናቱ ፊት የሚብሰው እናቱን ለማናደድ አይደለም።

«ተው!» ማለት ሁለት ነገር ያደርጋል። የልጁን ሐሳብ ወደ ቲኩ ይመልሳል፤ ስለ ቲክ ማውራት ብቻውን ቲክ ይቀሰቅሳል። ላዩ ላይ ደግሞ ጭንቀት ይጨምራል፤ ጭንቀት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ቲክን ከሚያባብሱት ዋነኞቹ ናቸው። ሙቀት የሚያባብስባቸውም አሉ፤ በድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት በኋላ ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

የርኅራኄው ስህተት ግን ብዙም አይነገርም። ልጁ የቤት ሥራ ሲጀምር ቲኩ ይበረታል፤ እናት አንጀቷ ይላወስና «በቃ ልጄ፣ ተወው፣ ነገ ትሠራዋለህ» ትላለች። በሳምንቱ ቲኩ የቤት ሥራ ሰዓት ላይ ይበልጥ ይመጣል። ልጁ እያስመሰለ አይደለም፤ አንጎሉ ቲክ ካስቸጋሪ ነገር እንደሚያስጥለው ተምሯል። ትክክለኛው መንገድ አምስት ደቂቃ ማሳረፍና ያንኑ ሥራ እዚያው ማስጨረስ ነው፤ ያለ ቁጣ፣ ያለ ማባበል።

ቁጣውን የሚተካ የተፈተነ ዘዴ አለ። ሲቢት ይባላል፤ መሠረቱ በ1973 የተዘረጋው ልማድ የመቀልበስ ሥልጠና ነው። በ2010 በታተመ ጥናት ከ9 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 126 ልጆች በ10 ሳምንት ውስጥ ስምንት ጊዜ ሠልጥነው ወይም ተራ ምክር ብቻ አግኝተው ተነጻጽረዋል። ከሠለጠኑት 53 በመቶው በግልጽ ተሻላቸው፤ ከሌሎቹ 19 በመቶው። ዛሬ ልጁ ሊሠራው ከቻለ ከመድኃኒት በፊት የሚመከረው ይኼ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቲኮቹ ልጁን ይበልጥ የሚያስቸግረውን አንዱን ብቻ ምረጡ፤ እናንተን የሚያሳፍራችሁን ሳይሆን እሱን የሚያሳምመውን። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለ10 ደቂቃ ስንቴ እንደመጣ በወረቀት ላይ ጭረት እያደረጋችሁ ቁጠሩ። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ራሱ ቲኩ ወይም ያ ቀዳሚ ስሜት ሲመጣ ጣቱን በማንሳት እንዲያውቀው አለማምዱት። ከዚያ ለቲኩ የሚመክት እንቅስቃሴ ይሰጠዋል። አንገት ለሚወረውር ልጅ አገጩን በትንሹ ወደ ደረቱ አስጠግቶ የአንገቱን ጡንቻ በቀስታ ማጥበቅ፤ ትከሻ ለሚነቀንቅ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ ትከሻውን ወደ ታች መያዝ፤ ጉሮሮ ለሚጠርግ አፉን ዘግቶ በአፍንጫው ቀስ ብሎ መተንፈስ፤ ዓይን ለሚያርገበግብ በየ3 እስከ 5 ሴኮንዱ እያወቀ በዝግታ መጨፈን። ስሜቱ እንደመጣ ይጀምርና ለአንድ ደቂቃ፣ ወይም ስሜቱ እስኪበርድ፣ ከሁለቱ እስከሚረዝመው ድረስ ይይዘዋል። እንቅስቃሴው ሲጽፍና ሲያወራ ሊያደርገው የሚችል፣ ሰው የማያስተውለው መሆን አለበት።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ቲክ በአንዴ መጀመር አንዱ ነው። ጡንቻውን እስኪያመው ማጥበቅ ሌላው ነው። ከሁሉ የሚብሰው ወላጅ ፖሊስ ሲሆን ነው፤ «አድርገው፣ አድርገው» እያለ በየደቂቃው ሲያስታውስ ያው ቁጣ በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። ምስጋናው ዘዴውን ስለተጠቀመ ይሁን እንጂ ቲክ ስላላሳየ አይሁን፤ አለበለዚያ ልጁ መደበቅ ይማራል። ትኩረቱ የተበታተነ ልጅ ደግሞ ይህን ልምምድ ሊይዝ ያዳግተዋል፤ መጀመሪያ ትኩረቱ መታከም አለበት። የታፈነ ቲክ ተጠራቅሞ ይፈነዳል የሚለው ፍራቻም በጥናት አልተደገፈም፤ ልምምዱን በዚያ ፍራቻ አትተዉት።

ስለ ስድብ

ባጭሩ፦ የሚያሳፍር ቃል ሳይወዱ መናገር የሚታየው ቱሬት ካለባቸው ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ለምርመራው መስፈርት አይደለም። «አይሳደብም፣ ስለዚህ ቱሬት አይደለም» ብሎ ልጅን ከሕክምና መመለስ ከአሥሩ ስምንቱን መመለስ ነው።

የትኩረት ኪኒን እና ጫት

ይህ ነጥብ በኛ አካባቢ ሰሚ ስለሚያገኝ ሰፋ አድርገን እንየው። ለአወዳይ ጎረቤት ሆኖ ጫትን የማያውቅ የለም። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚዳከም ነው በጥድፊያ የሚጓጓዘው። ለትኩረት የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴትም አነቃቂ ነው። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ አልተሳሳቱም።

ልዩነቱ መጠኑና ሰዓቱ ላይ ነው። ሜቲልፌኒዴት በልዩ ቁጥጥር፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በሚሊግራም ተለክቶ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሚሊግራም ይጀመርና በሳምንት ልዩነት ቀስ እየተባለ ይጨመራል። አጭሩ ዓይነት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ሠርቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ጠዋትና ምሳ አካባቢ እንጂ ማታ አይሰጥም። ክብደት፣ ቁመት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት እየተለካ ይከታተሉታል። ከጫት የሚገኘው መጠን አይለካም፣ የምግብ ፍላጎትን ያጠፋል፣ እንቅልፍን ይነሳል፤ ቲክ ላለበት ታዳጊ የእንቅልፍ እጦቱ ብቻውን በቂ ጉዳት ነው። ለፈተና ይረዳዋል ብላችሁ ልጅ ፊት ጫት አታስቀምጡ።

ቲክን ያባብሳል የሚለው ደግሞ ተፈትኗል። በ2002 በታተመ ጥናት ኤዲኤችዲና ቲክ አብረው ያሉባቸው 136 ልጆች ለ16 ሳምንት ሜቲልፌኒዴት፣ ወይም ክሎኒዲን፣ ወይም ሁለቱን በአንድ ላይ፣ ወይም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወስደዋል። ቲካቸው ባሰ የተባሉት ሜቲልፌኒዴት ከወሰዱት 20 በመቶ፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ 22 በመቶ ነበሩ። ሁለቱን አንድ ላይ የወሰዱት በትኩረታቸውም በቲካቸውም የበለጠ ተሻላቸው።

ታዲያ ወላጅ «ኪኒኑን ጀመረ፣ ቲኩ ባሰ» የሚለው ለምንድነው? ቲክ በባሕርይው ለሳምንታት ከፍ፣ ለሳምንታት ዝቅ ይላል። ኪኒኑ ከፍ በሚልበት ሰሞን ከተጀመረ ጥፋቱ ሁሉ የኪኒኑ ይሆናል። ይህን ለመለየት መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ለሁለት ሳምንት በዚያው በ10 ደቂቃ ቆጠራ መመዝገብ፣ ከተጀመረ በኋላም በዚያው ሰዓት መቀጠል ነው። በርግጥም የሚያባብስባቸው ጥቂት ልጆች አሉ፤ ለነሱ መጠኑ ይቀነሳል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። ክሎኒዲን በተገኘበት ለትኩረትም ለቲክም ይረዳል፤ እንቅልፍ ያመጣል፣ የደም ግፊት ያወርዳል። በድንገት ከተቋረጠ ግፊቱ ይተኮሳልና ኪኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ወደ ሐኪም መመለስ ያሻል።

ኤዲኤችዲ ብዙውን ጊዜ ከቲኩ ቀድሞ ነው የሚታየው። «ቲኩ መጣና ትምህርቱ ተበላሸ» የሚሉ ወላጆች የመዋዕለ ሕፃናት ጊዜውን ሲጠየቁ ልጁ ያኔም ወንበሩ ላይ አይረጋም ነበር። ለአስተማሪው እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ቲቸር፣ ልጄ አንገቱን የሚወረውረው ሕመም ስላለበት ነው እንጂ እርስዎን ንቆ አይደለም። እባክዎ ሲያደርገው እንዳላዩ ይለፉት።» መቀመጫውን በተመለከተ፣ ለትኩረቱ ፊት መቀመጥ ይጠቅመዋል፤ ለቲኩ ግን መሀል ፊት ማለት ሁሉም ከኋላው እያየው መዋል ነው። ስለዚህ የፊተኛው ረድፍ የጥግ ጫፍ፣ በተቻለ በበሩ በኩል ይሻለዋል። ጠመኔ እንዲያመጣ፣ የስም መጥሪያ ወረቀት ለሌላ ክፍል እንዲያደርስ መላክ የሚያሳፍር ሳይመስል አምስት ደቂቃ ያስተነፍሰዋል።

ደብተሩና ጀሪካኑ

ርዕሳችን ከዚህ የመጣ ነው። ቲክ ያለበት ልጅ ወደ ሕክምና ሲመጣ ደብተሮቹ አብረውት ይምጡ። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ የተቋረጠ፣ መስመር የተዘለለ፣ «ኃላፊነት» ተብሎ የተጀመረው ቃል «ኃላፊ» ላይ የቀረበት፣ የሂሳቡ ምልክት ከመደመር ወደ መቀነስ የተቀየረበት ደብተር የትኩረት ማነስ ደብተር ነው። ፊደሉ ያማረ፣ ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት መስመር ብቻ የተጻፈበት፣ «ሀ» ጎባጣዋ እኩል አልመጣ እያለ በላጲስ ተፍቃ ተፍቃ ወረቀቱ የተበሳበት ደግሞ የኦሲዲ ደብተር ነው። በፊደሎቹ መሀል እርሳሱ በድንገት ወደ ጎን ሸርተት ያለበት ጭረት የክንድ ቲክ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በአንድ ደብተር ላይ የሚገኙበት ጊዜ አለ። አስተማሪው ግን ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያላቸው፦ «ይዘገያል»።

በቃል ስትጠይቁትም መልሱ ይለያያል። «ይህን ባታደርግ ምን ይሆናል?» በሉት። «ምንም፣ ግን አንገቴን ይበላኛል» ካለ ቲክ ነው። «እማዬ ትሞታለች» ካለ ኦሲዲ ነው። «ልክ አልመጣልኝም» ካለና የበሩን መቃን በቀኝ ስለነካ በግራም መንካት ካለበት ከሁለቱ ድንበር ላይ ነው፤ ቲክ ባለባቸው ልጆች ላይ የሚበዛው ኦሲዲም ይኸኛው ነው፦ እኩልነት፣ ቁጥር፣ መንካት፣ «ልክ» እስኪሆን መድገም። ልጆች ይህን ካልተጠየቁ አይናገሩም። ያበዱ ይመስላቸዋል፤ ወይም ሐሳቡ ራሱ ኃጢአት መስሏቸው ያፍራሉ።

እንግዲህ ጸሐፊው የጨዋ ልጅ ምልክት ያሉት መታጠብና ጸሎት እዚህ ጋ ይመጣል። ወስዋስ (በአምልኮ ላይ የሚመጣ የማያቋርጥ ጥርጣሬ) የሚለውን ቃል በሐረርም በድሬም ሙስሊም ወላጆች ያውቁታል። ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ ክንዱን ሦስቴ አጥቦ፣ «አልነካም» ብሎ እንደገና ከእጁ ጀምሮ፣ በመጨረሻ ውኃ በሚቸግርበት ሰፈር ግማሽ ጀሪካን ጨርሶ፣ ሶላቱም ትምህርት ቤቱም ያለፈበት ልጅ አምልኮቱ አልበዛም፤ ታሟል። የሃይማኖቱ ሥርዓት ራሱ ከሦስት በላይ ማጠብን አይፈልግም። ክርስቲያን ቤት ደግሞ «አባታችን ሆይ»ን አንዲት ቃል ተሳሳትኩ ብሎ ከመጀመሪያው የሚደግም፣ አእምሮው ላይ የመጣበትን ክፉ ሐሳብ በየቀኑ ለንስሐ አባቱ ሊናገር የሚፈልግ ልጅ አለ። የእምነት ልጅና የሕመም ልጅ በአንድ ነገር ይለያሉ፦ የመጀመሪያው ጸልዮ ያርፋል፤ ሁለተኛው ጸልዮ አያርፍም።

ሕክምናው የሚያስፈራውን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥና የሚያስታግሰውን ድርጊት አለማድረግ ነው። ልጁ ከ0 እስከ 10 ፍርሃቱን ይለካል፤ ከ3 ወይም ከ4 ይጀመራል እንጂ ከ9 አይጀመርም። ላጲሱን ለአብነት እንውሰድ። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ብቻ መፋቅ፤ በሚቀጥለው ሁለት፤ ከዚያ አንድ፤ ከዚያ ላጲሱ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል፤ በመጨረሻ አንድ ፊደል ሆን ብሎ አጣሞ ጽፎ ሳያርም ገጹን መገልበጥ። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይወጣል፤ ካልታረመ ደግሞ በራሱ ይወርዳል፤ ልጁ መማር ያለበት ይህንኑ መውረዱን ነው። ጭንቀቱ ጫፍ ላይ ሳለ ላጲሱ ከተሰጠው ግን የተማረው ተቃራኒውን ነው፤ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ለውዱእና ለጸሎት ጉዳይ ኡስታዙን ወይም የንስሐ አባቱን አስቀድሞ ማናገር ሥራውን ግማሽ ያቀለዋል። አንድ ጊዜ፣ በግልጽ ቋንቋ «ሦስት ከታጠብክ በቃህ፤ ብትጠራጠርም እለፍ» ይበሉት፤ ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ሲጠይቃቸው በየቀኑ አይመልሱለት። እናትም እንዲሁ። «እማዬ፣ በደንብ ታጠብኩ?» ሲላት «አዎ ልጄ» ማለት ለአሥር ደቂቃ ያሳርፈውና ለነገ ጥያቄውን ያጠነክረዋል። መልሱ «ይኼ የወስዋሱ ጥያቄ ነው፣ መልሱን ታውቀዋለህ» ይሁን፤ በለሰለሰ ድምፅ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት።

ለኦሲዲው ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን የተባለ መድኃኒት ካስፈለገ በትንሽ መጠን ይጀመራል፤ ውጤቱ የሚለካው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንጂ በአሥር ቀን አይደለም። ቲክ አብሮት ባለ ልጅ እነዚህ መድኃኒቶች ብቻቸውን የሚሰጡት ውጤት አነስ ያለ ነው፤ ከልምምዱ ጋር ሲሆኑ ነው የሚያዋጡት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ከወትሮው ከተቅበጠበጠ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ስለ ሞት ካወራ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪሙ መመለስ ነው።

ጽሑፉ ያላነሳው፦ ሁሉም እንቅስቃሴ ቲክ አይደለም

ዓይን ማርገብገብ ቲክ ከመባሉ በፊት ዓይን ይታይ። በሞቃትና አቧራማ አየር የዓይን አለርጂ ብዙ ነው፤ ዓይኑ ከቀላ፣ ካሳከከው፣ ብርሃን ከጠላ መድኃኒቱ ሌላ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ አደጋ አለ። ጤነኛ የነበረ ልጅ በሳምንታት ውስጥ ዕቃ ከእጁ መጣል፣ ጽሑፉ መበላሸት፣ እጅና እግሩ ያለ ሥርዓት መወራጨት ከጀመሩ፣ ምላሱን አውጥቶ መያዝ ካቃተው፣ እጃችሁን ጨብጥ ስትሉት ጭብጡ እየጠበቀ እየላላ ካስቸገረው፣ ያለ ምክንያት ካለቀሰ ይህ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣው የሲደንሃም ኮሪያ ሊሆን ይችላል። ቲክ ያንኑ እንቅስቃሴ ይደግማል፣ ለጊዜውም ይታፈናል፤ ይኸኛው ከቦታ ቦታ ይፈሳል፣ አይታፈንም። ከልብ የሩማቲክ በሽታ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ ልቡ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት፤ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌም ለዓመታት ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ቲክ ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ ማስቀመጥ ልቡን ማስበላት ነው።

ማስመለስን ለማስታገስ ሜቶክሎፕራማይድ በተሰጠው ማግስት አንገቱ የተጠመዘዘ ልጅም ቲክ አልያዘውም፤ መድኃኒቱ ነው። ራሱን የሚስት፣ ከእንቅልፉ የሚያነቃው መንዘፍዘፍ ያለበት ደግሞ ለሚጥል በሽታ ይመርመር። ቲኩ አንገት በኃይል የሚወረውር ሆኖ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ ወይም ከደከመ የአከርካሪው ነርቭ ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ሐረር ላይ ሕይወት ፋና፣ ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል ስትሄዱ በስልካችሁ የቀረጻችሁትን የአንድ ወይም የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያዙ። ልጁ ሐኪም ፊት ቲኩን ስለሚያፍን ቪዲዮው የማይታየውን ያሳያል። ቪዲዮው ግን ለሐኪሙ ብቻ ነው፤ ለዘመድ አይላክም።

«በ18 ዓመቱ ይለቀዋል»

ቲኩን በሚመለከት ግማሽ እውነት ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ወደ ጉልምስና ሲደርሱ ቲካቸው በጣም ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ኤዲኤችዲው ግን በብዙዎች ላይ ይቀጥላል፤ ኦሲዲውም ብዙ ጊዜ ቲኩ ሲቀንስ ነው የሚበረታው። 18 ዓመት ድረስ ሲጠበቅ የ8ኛ ክፍል ፈተና ጊዜው አምልጦታል፣ የ12ኛውም አምልጦታል።

ግማሽ ኪኒን

ሃሎፔሪዶል ቲክን ይቀንሳል፤ ያንን አንክድም። በልጅ ላይ የሚጀመረው ግን ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነው። ጽሑፉ «ግማሽ ኪኒን» ሲል የምን ያህል ሚሊግራም ኪኒን እንደሆነ አልተናገረም። ፋርማሲው የሰጣችሁ ባለ 5 ሚሊግራም ከሆነ ግማሹ 2.5 ሚሊግራም ነው፤ ከመነሻው መጠን ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ጉዳት የጡንቻ መቆለፍ ነው፤ አንገት ተጠምዞ ይቀራል፣ ዓይን ወደ ላይ ይገለበጣል፣ መንጋጋ ይያዛል፣ ምላስ ይወጣል። ይህ ለወላጅ የከፋ ቲክ ስለሚመስል ሌላ ግማሽ ይጨመራል፤ ልጁም ይብስበታል። ከቆየ ደግሞ ፊት የደረቀ፣ አካሄድ የዘገየ፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ፣ ክብደቱ የጨመረ ልጅ ይሆናል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ መድኃኒቱ ቢቆምም የማይቆም የአፍና የምላስ እንቅስቃሴ ሊያስከትል ይችላል። ለዚህ ነው መድኃኒት ቲኩ ልጁን ሲያሳምመው፣ ሲያሳፍረው ወይም ከትምህርት ሲያስቀረው ብቻ፣ ከልምምዱ በኋላ፣ በሐኪም እጅ የሚጀመረው።

በጽሑፉ ምክር ጀምራችሁ ከሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ከሰጣችሁ ቀጣዩን አትስጡና ሐኪም አማክሩ። ሳምንታት ከሆናችሁ በአንዴ አታቁሙት፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያወርደዋል። አንገቱ ወይም ዓይኑ ከተያዘ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ በመርፌ ቶሎ የሚፈታ ነገር ነው። የኪኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፣ መቼ ስንት እንደሰጣችሁትም ሳትደብቁ ንገሯቸው።